ቪምቶ በጅማ፦ የት ይገኛል፣ እንዴት ይገዛል፣ ሲጠፋስ?

ከጂዳ ተመልሼ ጅማ ስገባ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር ነበር የሚለኝ። "አገርሽ ገባሽ፤ ጨጨብሳሽን ብይ፣ ቡናሽን ጠጪ፤ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ?" እውነታቸውን ነው። የጅማ ቡና እያለ ሌላ መጠጥ መናፈቅ ነውር ይመስላል። ግን ብዙም ሳልቆይ ቪምቶ የሚባለው የፍራፍሬ መጠጥ አማረኝ። አምሮት ደግሞ ምክር አይሰማም።

ከዓረብ አገር የተመለሰ ሰው ሁሉ እንዲህ ያለ ነገር አያጣም። እዚያ ከለመዳቸው ለስላሳዎች አንዷ ባርቢካን ትላለች፣ ሌላው ራኒ፣ ሌላዋ ሻኒ። ሰው ፊት መጠየቅ ስለሚያሳፍር ብዙው ዝም ብሎ ይናፍቃል። እኔ አላፈርኩም፤ ሱቅ ለሱቅ ዞሬ ጠየቅሁ። ያገኘሁትን ልንገራችሁና እናንተ እግራችሁንም ብራችሁንም ቆጥቡ።

ፍለጋ ከመውጣታችሁ በፊት ግን እዚሁ ያለውን ከሌለው ለዩ። ፔፕሲ፣ ሚሪንዳና ሰቨን አፕ በሞሃ፣ ኮካ፣ ፋንታና ስፕራይት ደግሞ በምሥራቅ አፍሪካ ቦትሊንግ እዚሁ አገር ይታሸጋሉ። ኮካ ኮላ ኢትዮጵያ ውስጥ መታሸግ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው፤ አያቶቻችንም ጠጥተውታል። እንግዲህ "የዓረብ አገር ፔፕሲ" ተብሎ በጣሳ የሚሸጠውን በእጥፍ ዋጋ መግዛት ለእኔ ብር መበተን ነው። "ጣዕሙ ይለያል እኮ" የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፣ ይለያል። ዋናው ቅመም ከኩባንያው ይመጣል፤ ውኃውን፣ ስኳሩንና ጋዙን የሚጨምረው የየአገሩ ፋብሪካ ነው። ፋንታማ ከነቀመሩ ከአገር አገር ይለያያል። አሜሪካ ያለው ኮካ ከ1980ዎቹ ጀምሮ የሚጣፍጠው በበቆሎ ሽሮፕ ነው፤ የእኛው ግን በስኳር። ከዚያ የመጣ የአክስቴ ልጅ ገና ከመግባቱ የእኛን ኮካ በላይ በላዩ ሲጠጣ "ምነው፣ እዚያ የለም እንዴ?" ብለን ስቀንበታል። ለካ ልጁ ያወቀው ነገር ነበር።

የእኔ ምክር ይኸው ነው። የጠርሙሱን እዘዙ፣ በደንብ የቀዘቀዘ ይሁን፣ ቆርኪው ፊታችሁ ይከፈት። "ጭስ" ካላለ መልሱት። ከውጭ የናፈቃችሁ ፔፕሲ ከሆነ ጉዳያችሁ እዚህ ላይ አልቋል።

ቪምቶ ግን ሌላ ነው። እዚህ የሚያሽገው የለም። የማታውቁት ካላችሁ፣ ከወይን፣ ከራስበሪና ከብላክከረንት ጭማቂ ከቅመማ ቅመም ጋር የሚሠራ፣ ወደ ጥቁር የሚያደላ ሐምራዊ መጠጥ ነው። የፈጠረው ጆን ኖኤል ኒኮልስ የሚባል የማንቸስተር ሰው ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1908። ሰውየው የቅጠላ ቅጠል፣ የቅመምና የመድኃኒት ጅምላ ነጋዴ ነበር፤ መጠጡንም መጀመሪያ የሸጠው ጉልበት ይሰጣል እያለ ነው። ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ። እናቴ መጀመሪያ የቀመሰች ቀን ፊቷን አጨማዳ "አንቺ ልጅ፣ ይሄ የሳል ሽሮፕ ነው!" ብላኝ ነበርና። ወደ ሳዑዲ ያስገባው አውጃን የሚባል የዚያው አገር ኩባንያ ነው፣ ከ1920ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ። ዛሬ እዚያ ረመዳን ያለ ቪምቶ አይታሰብም። ተምሩ፣ ሳምቡሳው፣ ከጎኑ ደግሞ ያ ሐምራዊ ጆግ።

ጅማ ውስጥ ለማግኘትም ቁልፉ ረመዳን ነው። ሌላ ጊዜ ብትጠይቁ "አልመጣም" ነው መልሱ። ጾሙ ሲቃረብ ግን ተምር የሚያስመጡ ነጋዴዎች አብረው ያስመጡታል። ስለዚህ ከረመዳን በፊት ያለው ወር ሻዕባን ሲገባ ጀምሩ። ረመዳን ከገባ በኋላ ዋጋው ይሰቀላል፤ ለዒድ ሲቃረብማ ጭራሽ ይጠፋል። ረመዳን በየዓመቱ በ11 ቀን ገደማ ወደ ፊት እየቀደመ እንደሚመጣም አትርሱ። አምና በዚህ ወር አገኘሁ ብላችሁ ዘንድሮም ያንኑ ወር ከጠበቃችሁ ታልፋችኋለች።

የት? ትልልቁ ሱፐርማርኬት ውስጥ አይደለም። እኔም መጀመሪያ የሄድኩት ፈረንጅ አራዳና አጂፕ አካባቢ መደርደሪያው ወደሚያምረው ነበር፤ ያለው ጁስና ብስኩት ነው። ቪምቶ ያለው እዚሁ ጅማ መርካቶ ውስጥ፣ አባያ፣ ሽቶና ሂጃብ የሚሸጡ ትንንሽ ሱቆች ጋ ነው። ነገሩ ግልጽ ነው። እነዚህ ነጋዴዎች ዕቃቸውን የሚያገኙት በሻንጣ ከሚመላለስ ሰው ነው። ሻንጣ ውስጥ ክፍት ቦታ ከተረፈ የምግብና የመጠጥ ነገር ይጠቀጠቅበታል። መደርደሪያ ላይ ግን አይወጣም፤ ጥቂት ስለሆነ ለሚጠይቅ ብቻ ነው። ስለዚህ ዓይናችሁን ሳይሆን አፋችሁን ተጠቀሙ።

የመጀመሪያዋን ጠርሙስ የገዛሁት ሽቶ ከሚሸጥ ልጅ ነው።

"ወንድሜ፣ ቪምቶ ይኖርሃል?"

"በውኃ የሚበጠበጠው ነው የጣሳው?"

"የሚበጠበጠው።"

ዙሪያውን ቃኘት አደረገና "ቆይ እህቴ፣ ከውስጥ ላምጣልሽ" አለኝ። በጋዜጣ የተጠቀለለ ጠርሙስ ይዞ ወጣ። ዋጋውን ሲነግረኝ እኔም ጋዜጣውን መልሼ ጠቀለልኩት። "ለአንቺ ስለሆነ ነው እኮ" አለ። ለእኔ ስለሆነ የተጨመረ መሰለኝ። ተከራክረን ተስማማን።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ስለ ዋጋው ላውራ፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው በዚህ ነው። የሳዑዲ ሪያል ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከዶላር ጋር የተሳሰረ ነው፦ አንድ ዶላር 3.75 ሪያል። ስለዚህ የዕለቱን የዶላር ምንዛሬ ለ3.75 አካፍሉ፣ የሪያሉ ዋጋ ይወጣላችኋል። ለምሳሌ ዶላሩ 150 ብር ቢሆን ሪያሉ 40 ብር ነው። እዚያ 10 ሪያል የሚሸጥ ነገር 400 ብር መጣ ማለት ነው። በዚህ ላይ የማምጫና የነጋዴው ትርፍ ይጨመራል። እኔ እስከ እጥፉ ድረስ ይገባዋል እላለሁ፤ ከእጥፍ ካለፈ ጥዬ እሄዳለሁ። ሁለት ነገር ደግሞ አስቡ። አንደኛ፣ ሳዑዲ እ.ኤ.አ. በ2017 ጋዝ ባላቸው ለስላሳዎች ላይ 50 በመቶ ኤክሳይዝ ታክስ ጣለች፤ በ2019 መጨረሻ ደግሞ ታክሱን ሌሎች ጣፋጭ መጠጦች ላይም አደረሰችው። ከዚያ በፊት የተመለሳችሁ እናንተ የምታስታውሱት ዋጋ አሁን እዚያም የለም። ሁለተኛ፣ የእኛው ብር ሐምሌ 2016 ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በጥቂት ጊዜ ውስጥ መቶን አልፏል። ያኔውኑ ደግሞ የውጭ ምንዛሬ ተከልክለው የነበሩት 38 ዓይነት ዕቃዎች እገዳ ተነስቷል። ዕቃ እንደ ልብ መግባቱ ቀለለ፤ ዋጋው ግን አልቀለለም። ነጋዴውን ሌባ ከማለታችሁ በፊት ሒሳቡን ሥሩ። ሠርታችሁ ሌባ ሆኖ ካገኛችሁትም በሉት።

ጠርሙሱን ስትቀበሉ ቀኑን እዩ። እዚያ የሚጻፈው ቀን፣ ወር፣ ዓመት በሚል ተራ ነው፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር። በእኛ ዓመት ያነበበ ሰው ሰባት ስምንት ዓመት የተረፈው ይመስለዋል። ነጋዴው ያውቀዋል፤ የሚምታታው ገዢው ነው። ጎረቤቴ ዓመቱን በእኛ ቆጥራ "ገና ልጄ ትዳር እስክትይዝ ይቆያል" ብላ የገዛችው የጣሳ መጠጥ ጊዜው ካለፈ ወራት ሆኖት ነበር። ቀጥሎ ክዳኑን ዞር ዞር አድርጋችሁ እዩ፤ ቀለበቱ ከተቆረጠ ተከፍቷል። ጠርሙሱ አንገት ላይ የደረቀ የሚያጣብቅ ነገር ካለ መንገድ ላይ አፍስሷል፣ አየር ገብቶታል። መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመውንም ተዉት፤ ቀለሙ ወደ ቡና ዓይነት ይሄዳል፣ ጣዕሙም ይሞታል።

ለምን የሚበጠበጠውን እንደመረጥኩ ልንገራችሁ። በጣሳ የሚመጣው አብዛኛው ውኃ ነው፤ ውኃ ደግሞ ጅማ አለ። የተለመደው የቪምቶ ጠርሙስ 710 ሚሊ ሊትር ነው። አንዱን እጅ በአራት እጅ ውኃ ስትበጠብጡት ሦስት ሊትር ተኩል ይሆናል፤ በ250 ሚሊ ብርጭቆ 14 ብርጭቆ። ይህንኑ ያህል በጣሳ ላምጣ ያለ ሰው ከሦስት ኪሎ ተኩል በላይ ሊሸከም ነው። ስለዚህ ከዓረብ አገር የሚመጣ ዘመድ "ምን ላምጣልሽ?" ሲል መልሱ አንድ ነው፦ የሚበጠበጠውን። የብርቱካን ዱቄት የለመዳችሁም ያው ነው፤ ታንግ ሻንጣ ውስጥ ቦታም ክብደትም አይይዝም።

አምጪውን ደግሞ አስቀድማችሁ አስጠንቅቁ። ከ100 ሚሊ በላይ ፈሳሽ በእጅ ሻንጣ አይገባም፤ ፍተሻው ላይ ይወረወራል። በሚጫነው ሻንጣ ይሁን። ጠርሙሱን በላስቲክ አስሮ ወፍራም ካልሲ ውስጥ መክተት፣ ከዚያ ብርድ ልብስ መሀል መቅበር። ብርድ ልብስ ሳይይዝ የሚመጣ ዘመድ እንደሆነ የለንም። አዲስ አበባ ደርሶ ወደ ጅማ በአውቶቡስ የሚላክ ከሆነ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ፤ ታች ዕቃ መጫኛ ውስጥ ከሚገባ፣ ሰው በእጁ ቢይዘው ይሻላል። አዲስ አበባ ዘመድ ያላችሁ ቦሌ ሚካኤል፣ ሶማሌዎች የሚበዙበት ሰፈር፣ ያስጠይቁላችሁ። ድሬዳዋ ዘመድ ያላችሁ ደግሞ ታይዋን ገበያ። ሁለቱም ጋ የዓረብ አገር ዕቃ ከጅማ ይሻላል።

አሁን ወደ ብርጭቆው። ጂዳ እያለን ቪምቶን በሰቨን አፕ እንበጠብጠው ነበር። እዚህ ሳደርገው ጥርስ የሚያነቃንቅ ጣፋጭ ሆነብኝ። እዚያ የነበረው ሙቀት ነው ያን ሁሉ ስኳር ያስጠጣን፤ ጅማ ዝናብ እየዘነበ ሰውነት ያን አይጠይቅም። ስለዚህ አምቦ ውኃ ይዣለሁ። አምቦ የራሱ ጨው ጨው የሚል ነገር ስላለው ጣፋጩን ይሰብረዋል። መጀመሪያ ቪምቶውን ብርጭቆው ሥር አፍስሱ፣ ሁለት ጣት ያህል። ከዚያ የቀዘቀዘውን አምቦ ብርጭቆውን አዘንብላችሁ በጎኑ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። በአንዴ ከለቀቃችሁት ሮዝ አረፋ እየገነፈለ ጠረጴዛውን ያጥባል፤ ነጭ ጠረጴዛ ልብስ ላይ ከፈሰሰ ደግሞ አይለቅም። ግማሽ ሎሚ ጨምቁበት። በቃ። እናቴ ሳትቀር በዚህ መንገድ ትጠጣዋለች፣ ሽሮፕ መሆኑን ሳትረሳ።

ክረምት ሲሆን ደግሞ ሌላ መላ አለ። እንግሊዞች ራሳቸው ብርድ ሲሆን ቪምቶን በፈላ ውኃ ነው የሚጠጡት። ይህን ስሰማ ለጅማ ሐምሌ የተፈጠረ መሰለኝ። እኔ ውኃውን ስጥድ ዝንጅብል ደቅቄ እጨምራለሁ። ስኳር ያለባችሁ ሰዎች ግን በሙቅም በቀዝቃዛም አትንኩት፤ የሚበጠበጠው እጅግ ጣፋጭ ነው።

የባርቢካን ወዳጆች አልተረሳችሁም። ባርቢካን ሲጀመር አልኮል የሌለው የገብስ ብቅል መጠጥ ነው፤ ላዩ ላይ የኮክ፣ የሮማን ወይም የእንጆሪ ጣዕም ይጨመርበታል። አሁን የአገር ውስጥ ቢራ ፋብሪካዎችም አልኮል አልባ ማልት ይጠምቃሉ፤ ሶፊ ማልትን የማያውቅ የለም። ጅማ ማንኛውም ግሮሰሪ አለ። ግን እኔ ከሁሉም የማስበልጠው ከተቆላ ገብስ ቤት ውስጥ የሚሠራውን ቀሪቦን ነው። የጅማ ሰው ይህን ሲያነብ "እሱን ልትነግሪን ነው?" ይላል፣ አውቃለሁ። ግን እዚያ ሆነን ባርቢካን ስንገዛ ስንቶቻችን ቀሪቦን አስበን እናውቃለን?

አሠራሩ ቀላል ነው። ገብሱን እስኪጠቁር ትቆሉታላችሁ። ሳያርር፤ ካረረ መራራ ነው። በውኃ ታፈሉታላችሁ፣ ውኃው የቡና መልክ ሲይዝ ታጠሉታላችሁ። ለብ ሲል ስኳርና ትንሽ እርሾ ጨምራችሁ ሸፍናችሁ ታሳድሩታላችሁ። ጠዋት ላይ አፍንጫ የሚነካ፣ ምላስ የሚቆነጥጥ መጠጥ ይሆናል። ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። ሲያድር እርሾው ጋዝ ስለሚሠራ ጠርሙስ ውስጥ አድርጋችሁ ክዳኑን እንዳታጠብቁት፤ ይፈነዳል። ከማግስቱም አታሳልፉት፤ በቆየ ቁጥር እየቦካ ወደ አልኮል ይሄዳል፣ ለጿሚ ያሰባችሁት ደግሞ ሌላ ነገር ይሆንባችኋል። የባርቢካንን የኮክ ጣዕም የወደዳችሁ፣ ገበያ ላይ ኮክ ሲገኝ ልጣችሁ ከጥቂት ስኳር ጋር አንተክትኩት፤ ጭማቂውን አጥልላችሁ ልትጠጡ ስትሉ ቀሪቦው ላይ ጨምሩ። ከባርቢካን ጋር አንድ ነው አልልም። ለእኔ ይበልጥብኛል።

ራኒ ለምትሉ፣ የፍራፍሬ ቁርጥራጭ ያለበትን ያንን ጣሳ ጅማ ላይ አትልፉበት። ክብደቱ የጣሳ፣ ዋጋው የወርቅ ነው። ጁስ ቤት ገብታችሁ ማንጎ በቁርጥራጩ አድርጉልኝ በሉ። ዶክተር ፔፐር የናፈቃችሁ የአሜሪካ ሰዎች ደግሞ፣ መጠጡ ከ1885 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፣ ጅማ ግን እስካሁን አልደረሰም። የመጣ ሰው ሁለት ጣሳ ካመጣላችሁ አመስግኑ፣ ካላመጣም አትቀየሙ።

የተከፈተ ቪምቶ ጠርሙስ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ። መብራት በጠፋ ቁጥር በሩን እየከፈታችሁ አትዩት። አፉን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉት፤ ካልጠረጋችሁት ስኳሩ ይደርቅና ክዳኑ ተጣብቆ እምቢ ይላል፣ ጉንዳንም ይጠራባችኋል። ከተከፈተ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ጨርሱት። ቤት ውስጥ ልጆች ካሉ ይህን መንገር አያስፈልግም፤ እስከ ጁምዓ አይቆይም።